ለ24 ዘፈን 222 ሺህ ዶላር

በዚሁ በሚኒሶታ የተሰጠውን አንድ ፍርድ ያስታውሱ ይሆን? የብሬነርድ ከተማ ነዋሪ የሆነች እናት፣ 24 ዘፈኖችን በኢንተርኔት ለሌሎች አከፋፍላለች ተብላ በሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያዎች ተከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ2007 ዱሉዝ ላይ ጁሪው 222 ሺህ ዶላር ትክፈል አለ። በ2009 ሚኒያፖሊስ ላይ ጉዳዩ እንደገና ሲታይ ደግሞ ካሣው 1 ሚሊዮን 920 ሺህ ደረሰ፤ በአንድ ዘፈን 80 ሺህ ማለት ነው። ያን ጊዜ አንድ ዘፈን በ1 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር! ዳኛው ማይክል ዴቪስ ወደ 54 ሺህ ቢያወርዱትም፣ በ2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 222 ሺሁን መልሶ አጸና። ጥፋት የለባትም አልልም። እንዲህ ያለ ቅጣት ግን ሕጉን ያስንቃል እንጂ አያስከብርም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የመዝጋት ሥልጣን ነው። በ2011 ለኮንግረስ የቀረቡት ሶፓና ፒፓ የተባሉ ረቂቅ ሕጎች፣ የተሰረቀ ሥራ የሚያሰራጩ የውጭ አገር ድረ ገጾች ከአሜሪካ እንዳይከፈቱ ለማድረግ ያለሙ ነበሩ። የሚኒሶታ ሴናተሮች የነበሩት ኤሚ ክሎቡቻርና አል ፍራንከንም ከፒፓ ደጋፊዎች መካከል ነበሩ። ጃንዋሪ 18 ቀን 2012 እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ተቃውሞውን ለመግለጽ ለ24 ሰዓት ተዘጋ፤ ረቂቆቹም ተንጠልጥለው ቀሩ። በ2025 ግን ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ረቂቅ እንደገና ቀርቧል።

መዘጋትን እኛ እናውቀዋለን። በ2020 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል አገር ቤት ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋረጠ፤ በ2023 ደግሞ በአማራ ክልል ተዘጋ። እርግጥ እዚያ ያዘዘ ዳኛ የለም፤ እዚህ በፍርድ ቤት ይሁን ነው የሚባለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሆኖም ቁልፉ አንዴ ከተሠራ በኋላ ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማን ዋስ ይሆናል?

ታዲያ የእኛ ድምፃዊ ላቡን ይነጠቅ? የለፋበት አልበም በማግሥቱ በሌላ ሰው የዩቲዩብ ቻናል ላይ ይገኛል፤ አድማጩም እኛው ነን። የ1998ቱ የአሜሪካ ሕግ ባለመብቱ ሲያመለክት ያ ቅጂ ብቻ እንዲነሣ ያደርጋል። የጫነው ሰው መልስ መስጠት ይችላል፤ ባለመብቱ በ14 የሥራ ቀናት ውስጥ ክስ ካልመሠረተ ቅጂው ይመለሳል። በሐሰት የሚያመለክቱ አሉ፤ ቢሆንም የጎረቤትን በር አያዘጋም። አዲስ አበባ ላለ ድምፃዊ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ የሚሞላለት ሰው ደግሞ በመካከላችን አይጠፋም።