ቦዝና ቦዘኔ፦ ሥራ የመፍታት ቃላት በሰሊጥ አገር

ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር ወደ ሁመራ ሲወረድ ትገኛለች። ከዚህ አንሥቶ እስከ መተማና ቋራ ያለው ቆላ የሰው ጉልበት አጥብቆ የሚሻው በሁለት ወቅት ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ደርቆ ሲከፈት ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለእርሻው ከደጋ የወረደውን ጉልበተኛ እየለመነ ይቀጥራል። ማሽላው ተቆርጦ፣ ጥጡ ተለቅሞ ሲያልቅ ግን ያው ሰው በየዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይታያል። ቦዘኔ መባል የሚመጣበትም ያኔ ነው። ይህ ስም አይገባውም ብዬ እከራከራለሁ፤ ማስረጃዬንም የማገኘው ከአማርኛው ከራሱ ነው።

አስቀድሞ «ሥራ ፈታ» የሚለውን እንመልከት። ገበሬ ማታ በሬውን ከቀንበር ይፈታል፤ ባልና ሚስት ይፋታሉ፤ ሠራተኛም ሥራ ይፈታል። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው ተረት ጨዋታው የተመሠረተው በዚህ ዝምድና ላይ ነው። ተረቱ ሥራ ያጣ እጅ ነገር ማበላሸቱን ይወቅሳል። ቃሉ ግን የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ሰውየው በተፈጥሮው እንዲህ ነው አይልም። የተፈታ በሬ ነገ ይጠመዳል። ሳይታረስ የከረመ መሬትም ጦም አደረ ይባላል፤ ጦምም መፍቻ አለው።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ የሰዋስው መምህራን ያቆዩልን አጠቃቀም ነው። «አጭዶ»፣ «አስሮ» የመሰለውን ግሥ ቦዝ አንቀጽ ይሉታል። የቦዘኔ ዘመድ የሆነው ቦዝ ሥራ ፈት ማለት ነው፤ ብቻውን ዓረፍተ ነገር አይዘጋም፣ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። «ሰሊጡን አጭዶ፣ አስሮ፣ አቁሞ፣ አድርቆ አራገፈው» ብንል አራቱ ቦዞች ናቸው፤ የሚያስራቸው «አራገፈው» ነው። ከአራቱ አንዱን ብናወጣ የሰሊጡ ሥራ ይጎድላል። ነዶው ተደጋግፎ የቆመ ክምር፣ ሂላ፣ ሆኖ በሚደርቅበት ጊዜም ማንም አይነካውም፤ ያ መቆም የምርቱ አንድ ክፍል ነው። መምህራኑ ግሡን ቦዝ ያሉት ንቀው አይደለም፤ ማሰሪያው ከፊት እንዳለ ያውቃሉ። በእኔ እምነት የቆላው ሠራተኛ በበጋ የሚገኝበት ሁኔታ በትክክል ይህ ነው፤ የሚያስረው ግሥ ሐምሌ ላይ ይመጣል።

መንግሥታት ሥራ ፈትና ቦዘኔ የሚሉትን ቃላት የያዙት በሌላ መንገድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደርግ ከአዲስ አበባና ከሌሎች ከተሞች ሥራ ፈት ያላቸውን ሰዎች እያፈሰ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራ የመንግሥት እርሻዎች ላከ። ጉዳዩ በ1981 እ.ኤ.አ. በፀረ ባርነት ማኅበር አማካይነት በተባበሩት መንግሥታት ፊት ቀርቧል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ደግሞ ቦዘኔን የወንጀል ስም አደረገው፤ ለተጠርጣሪውም ዋስትና ከለከለ። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በአዲስ አበባ አደባባይ የወጡት ወጣቶች «አደገኛ ቦዘኔ» ሲባሉ ከመካከላቸው ተማሪም ባለሙያም ነበረ። መሥራት እየቻሉ የሚታይ መተዳደሪያ ማጣት ከአዋጁ መለኪያዎች አንዱ ነው። ይህ መለኪያ በጥር ወር ሳንጃ ወይም በመተማ ያለችው ገንዳ ውኃ ላይ ቢዘረጋ ሰሊጡን ያጨደውን እጅ ራሱን ይይዛል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

መንደር ውስጥ ቦዘኔ የለም ማለቴ አይደለም። እናቱ ስትለፋ ከአረቄ ቤት የማይወጣውን ጎልማሳ ጎረቤቶቹ ቦዘኔ ቢሉት ያውቁበታል፤ ክረምት ከበጋ አይተውታል። ፖሊስ የሚያየው የአንድ ቀን መቀመጡን ነው።

«ሥራ አጥ» የሚለው የቢሮ ቃል ይሻላል፤ ጥፋቱን ከሰውየው ላይ ያነሣል። ሆኖም እሱም ከቆላው ዓመት ጋር አይገጥምም። የሥራ ስምሪት ጥናት የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው በጥቅምት ቢጠየቅ ሠራተኛ፣ በየካቲት ቢጠየቅ ሥራ አጥ ሆኖ ይመዘገባል፤ ሁለቱም መልስ እውነት ነው፣ ሰውየው ግን በሁለቱም ውስጥ በሙሉ የለም።

አገሩ ለዚህ የቀረበ ቃል አለው። ከደጋ ወርዶ አርሶ ወደ ቤቱ የሚመለሰውን ገበሬ ሞፈር ዘመት ይለዋል። ዘመቻ መውጫም መመለሻም አለው፤ ስለዚህ ስሙ ገበሬው ቤቱ የሚቀመጥበትን ወራት ጭምር ይይዛል፣ በዚያም ማንም አይነቅፈውም። ሞፈር የሌለው፣ ማጭድ ብቻ ይዞ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ ግን ከዚህ ስም ውጭ ቀርቷል። ቦዘኔ የሚለው የሚተርፈውም ለእሱ ነው።