«አጉሊ መነጽር» የሚለው ስያሜና ሁለቱ ማይክሮስኮፖች

ማይክሮስኮፕን «አጉሊ መነጽር» ብሎ መተርጐም በአማርኛ የቆየ ልማድ ነው። ስያሜው ለጆሮ አይጐረብጥም፤ «መነጽር» ከግእዙ ነጸረ፣ ማለትም ተመለከተ ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑም ለማንኛውም አንባቢ ግልጽ ነው። ይሁንና በሥነ ሕይወት ጽሑፎች የብርሃኑና የኤሌክትሮኑ መሣሪያ ጐን ለጐን ሲቀርቡ ይኸው ስያሜ የሚያስከትለውን ብዥታ ማመልከት እንወዳለን። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ችግሩ የሚጀምረው ጐላ ከሚለው ግሥ ነው። አማርኛ «ጐላ» ሲል አንድም ገዘፈ፣ አንድም ተለይቶ ታየ ማለቱ ነው። ይህ ለዕለት ንግግር ጸጋ ነው፤ ለማይክሮስኮፕ ግን የሁለቱ ትርጕሞች መጣመር ዋናውን ነገር ይሰውራል። ምስልን ማግዘፍ ሌላ፣ ተቀራራቢ ነጥቦችን ነጣጥሎ ማሳየት ሌላ ነውና። ኤርንስት አቤ በ1873 እንዳስረዳው፣ የብርሃን ማይክሮስኮፕ የሞገዱን ርዝመት ግማሽ ከሚያህል ርቀት በታች የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦችን እንደ አንድ ያሳያል፤ ይህም 200 ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሉን ዐሥር እጥፍ ቢያገዝፉት የሚገዝፈው ብዥታው ብቻ ነው።

ስለዚህ «የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከብርሃኑ አብልጦ የሚያጐላ መሣሪያ ነው» የሚለው አባባል ሐሰት ባይሆንም ፍቺ ሊባል አይችልም። ማክስ ኖልና ኤርንስት ሩስካ በ1931 በበርሊን የሠሩት መሣሪያ ኃይሉን ያገኘው ከኤሌክትሮን ሞገድ እጥረት ነው፤ በ100 ኪሎቮልት የተገፋ ኤሌክትሮን የሞገድ ርዝመቱ 0.004 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። የማግኔት ሌንሶቹ ጕድለትና የናሙናው ባሕርይ ይህን ሁሉ እንዳንጠቀምበት ቢያግዱንም፣ ስስ ሆኖ በተቈረጠ ሕዋስ ውስጥ ጥቂት ናኖሜትሮችን መለየት ይቻላል። 18 ናኖሜትር ብቻ የሚወፍረው የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በ1939 ቅርጹ የታየው በዚህ መሣሪያ ነበር።

እንግሊዝኛው ሪዞሉሽን የሚለውን ይህን ችሎታ አንዳንዶች «ጥራት» ይሉታል። መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍቺ የሚያነሣ ተርጓሚ ደግሞ «ውሳኔ» ላይ ሊወድቅ ይችላል! «ጥራት» ለውኃም፣ ለጨርቅም፣ ለሥራም የሚነገር ሰፊ ቃል ነውና መለኪያ ያለውን ነገር አይሸከምም። እኛ «የመለየት ዐቅም» የሚለውን እንመርጣለን። «አጉሊ መነጽር»ም በእጅ ለሚያዘው ባለ አንድ ሌንስ መስተዋት ቢቀር መልካም ነው። በኤሌክትሮኑ መሣሪያ ውስጥ ምስሉን የሚሠራ መስተዋት የለም፤ ምስሉም በሚያበራ ሰሌዳ፣ በፊልም ወይም በካሜራ ላይ ያርፋል እንጂ በቀጥታ ወደ ዐይን አይገባም።

«ማቅለም»ም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይሻል። በብርሃኑ ማይክሮስኮፕ ቀለም በእውነት ቀለም ነው። በኤሌክትሮኑ ግን ናሙናው የሚነከረው በኦስሚየም፣ በዩራኒየምና በእርሳስ ውሁዶች ነው፤ እነዚህም ኤሌክትሮኖችን በመበተን ጥቍረት ይፈጥራሉ እንጂ ቀለም አይሰጡም። በኅትመት የምናያቸው ባለ ቀለም የኤሌክትሮን ሥዕሎች በኋላ የተቀቡ ናቸው።

የ200 ናኖሜትሩን ወሰን በፍቺው ውስጥ እንደ ዘላለማዊ ሕግ ማስፈርም አይገባም። ወሰኑን በብርሃን ማለፍ የቻሉት ቤትዚግ፣ ሄልና ሞርነር በ2014 ኖቤል ተሸልመውበታል። ሕያው ሕዋስ ሲንቀሳቀስ መመልከት ግን አሁንም በተለይ የብርሃኑ ድርሻ ነው፤ አየር በሌለበት የኤሌክትሮን መሣሪያ ውስጥ የሚገባው ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ወይም የበረደ ነውና።

ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሁሉ የሚከብደው «ሜሶዞም» የሚለው ቃል ይመስለናል። በ1950ዎቹ የባክቴሪያን ስስ ቍራጭ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተመለከቱ ተመራማሪዎች ወደ ውስጥ የታጠፈ ሽፋን አዩ፤ ስም ወጣለት፣ ተግባር ተገመተለት፣ ወደ መማሪያ መጻሕፍትም ገባ። በኋላ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፣ ናሙናው በኬሚካል ሳይሆን በፍጥነት በማብረድ ሲዘጋጅ እጥፋቱ ታጣ። ቃሉ በቆዩ መጻሕፍት ስለሚገኝ ከመዝገቡ ሊፋቅ አይችልም፤ በቀጥታ «የባክቴሪያ አካል ክፍል» ተብሎ ቢፈታ ደግሞ ተማሪው የሌለውን እንዳለ ይማራል። ስለዚህ ፍቺው እንዲህ ቢሆን እንላለን፦ «ሜሶዞም፤ በኬሚካል በተዘጋጁ የባክቴሪያ ናሙናዎች የሚታይ፣ ቀድሞ የአካል ክፍል ተብሎ የተቈጠረ፣ ከዝግጅቱ የሚመነጭ የሽፋን እጥፋት።»