ደላላው የማያሳየው ሰፈር

ቤት ፈላጊ ሰፈር የሚያየው አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እሑድ ከሰዓት ደግሞ የማያምር ሰፈር የለም። ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬና ባለቤቱ "ሽሮ ሜዳ ይሻላል ጀሞ?" እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። ሕፃን ልጅ አላቸው፤ የባልየው እናትም ከደብረ ብርሃን መጥተው አብረዋቸው ሊኖሩ ነው። ኪራይ፣ ውሃ፣ ታክሲ እያሉ ወረቀት ላይ ነጥብ ሰጥተዋል። ጀሞ አሸንፏል።

የሽሮ ሜዳ አድናቂዎች፣ በተለይ ከሰፈሩ ከወጡ በኋላ፣ የሽማኔውን መወርወሪያ ድምፅ፣ የእንጦጦን ነፋስ፣ "ቡና ጠጡ" ባይዋን ጎረቤት ያነሳሉ። ለስንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት እንደነበረ ግን ትንፍሽ አይሉም። አከራይዋ ማታ በሦስት ሰዓት በር እንደሚቆልፉ፣ እንግዳ ሲበዛ እንደሚያኮርፉ፣ አምፖል አምሽቶ ሲበራ እንደሚያጉረመርሙም እንዲሁ። የራስ ቁልፍና የራስ መታጠቢያ ቤት የሚንቅ ሰው በጋራ ግቢ ተከራይቶ የኖረ አይመስለኝም።

"ኮንዶሚኒየም ማኅበራዊ ኑሮ የለውም" የሚባለውም የሰነፍ ወሬ ነው። ጀሞም እድር አለ፤ በብሎኮቹ መካከል ድንኳን ይተከላል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ብቻ እዚያ ሰው ለማግኘት መውረድ ያስፈልጋል፤ ሽሮ ሜዳ በር ላይ በርጩማ ማውጣት ይበቃል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ያዩት ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጀሪካኑን ማን ሊያወጣው ነው? ባልና ሚስት ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ቀኑን ሙሉ ሰፈሩ ውስጥ የሚውሉት አሮጊቷና ሕፃኑ ናቸው። ነጥቡን የሰጡት ግን ለማደር ብቻ የሚመጡት ሁለቱ ናቸው! እማማ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ስንት ደረጃ እንደሚወርዱ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ሁለት ዓመት ለሚኖሩበት ቤት ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጀሞን የታክሲ ሰልፍ ቆሞ ማየት አይበዛም። እናትየውንም ይዘው ይሂዱና ደረጃውን አንዴ ያስወጧቸው። ግራውንድ ከተገኘ እኔም ጀሞን እመርጣለሁ። ካልተገኘ ሽሮ ሜዳ፣ በሩ በሦስት ሰዓት ቢቆለፍም።