ወቅትን በጨዋታ ማስተማር፦ መልካሙና የጎደለው

በእስራኤል መዋዕለ ሕፃናት መስከረምና ጥቅምት ላይ ልጆች የሐጻቭን አበባና ናሕሊኤሊ የተባለችውን ወፍ ይፈልጋሉ፤ የመጀመሪያውን ዝናብ፣ ዮሬን፣ ይጠብቃሉ። ዳስሶና አይቶ መማር መልካም ነው፤ እናመሰግናለን።

ነገር ግን ትምህርቱ ቀለም በሚቀባ ወረቀት ብቻ ሲቀር ጨዋታው ይጠፋል። ስግድም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል፤ በአንድ ቀን ዳቦና ጃንጥላ ከታለፈ ግን ልጁ ትርጉሙን አያገኝም።

በአገር ቤት መስከረም ዝናብ ያበቃል፣ አደይ አበባ ይፈካል፤ እዚህ ግን ዝናቡ ገና ይጠበቃል። ይህን ከአያት የተሻለ ማን ያስረዳል? ልጆቻችን «ቤታችን ምንም አያውቅም» ብለው እንዳያድጉ፣ ውድ ወላጆች፣ ዕብራይስጡ ባይሞላም መምህርቷን አስፈቅዳችሁ ቅልሞሽ አጫውቱ። የእስራኤል ልጆችም «ሐሜሽ አቫኒም» ብለው በአምስት ጠጠር ይጫወታሉና።