ራቤል ላይ ዝቅ ብሎ የበረረው

ሸዋ ሮቢት ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ምዕራብ ላየ ሰው፣ ይፋትን ከመንዝ የሚለየው ገደል ከሩቅ ይታያል። በቆላው የአዲስ አበባና የደሴ አስፋልት ያልፋል። ላይኛው ደጋ ግን በ1977 ዓ.ም. መኪና የማይደርስባቸው ብዙ መንደሮች ነበሩት። እዚያው ደጋ ላይ ያለውን ግሼ ራቤልን በዚያ ዓመት ረሃብ ከሰማይ እህል ከተጣለባቸው ቦታዎች አንዱ ያደረገው ይኸው ነው።

የጣለው ሎክሂድ ሄርኩሊስ ነው፤ አራት ቱርቦፕሮፕ ሞተር ያለው የጭነት አውሮፕላን። የብሪታንያ አየር ኃይል ከጥቅምት 1977 እስከ ታኅሣሥ 1978 ከአዲስ አበባ ያበረው ነበር። የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል አውሮፕላኖችም አብረውት ሠርተዋል። መጣያውን ሜዳ ደግሞ የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ያዩ ነበር። የሁለት ተፋላሚ ጎራ ወታደሮች ለአንድ ጆንያ እህል ተባበሩ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይነካል።

አውሮፕላኑን የማደንቀው ግን ለፕሮፔለሩ ነው። በበረራ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 13,820 ጊዜ ይሽከረከራል፤ ካምቢዮው ይህን ቀንሶ ለፕሮፔለሩ 1,020 ዙር ያደርሳል። ፓይለቱ ነዳጅ ቢጨምርም ቢቀንስም ዙሩ አይለወጥም። የሚለወጠው የአራቱ ምላጮች አቀማመጥ ነው፤ ኃይል ሲፈለግ ዘንበል ብለው አየሩን ጠለቅ አድርገው ይቀዝፋሉ። ሞተሩ ዙር እስኪያነሳ መጠበቅ የለም፤ ጉልበቱ ወዲያው ይመጣል።

መንዝ ላይ ይህ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። ደጋው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለክንፉም ለሞተሩም ይከብዳል። እህሉ ያለ ጃንጥላ ስለሚጣል አውሮፕላኑ ሜዳው ላይ እጅግ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ አፍንጫውን ቀና ሲያደርግ ጭነቱ በራሱ ክብደት በኋላው በር ተንሸራቶ ይወጣል። ጆንያው በጆንያ ተደርቧል፤ የውስጡ ቢፈነዳ የውጩ እህሉን ይይዛል። በዚያች ቅጽበት ብዙ ክብደት ከአውሮፕላኑ ይወርዳል፣ ተራራውም ከፊት አለ።

ብሪታንያ የመጨረሻዎቹን ሄርኩሊሶቿን በሰኔ 2015 ዓ.ም. ጡረታ አወጣች። ከቀደምቶቹ አንዱ፣ ኤክስቪ 202፣ በ2003 ዓ.ም. ወደ ኮስፎርድ ሙዚየም ገብቷል። ይህ አውሮፕላን ከተራዘሙት ወገን ነው፤ አካሉ ከክንፉ ፊትና ኋላ ተቆርጦ በድምሩ 4.57 ሜትር ተጨምሮበታል። የተቆረጠ አካል እንደገና ገጥሞ ለዓመታት ማብረር ትልቅ የእጅ ሙያ ነው።

ሙዚየም ብረቱን ይጠብቃል። የራቤልን ወገን መጠበቅ ግን የኛ ሥራ ነው፤ ሜዳው የቱ ጋ እንደነበር፣ ጆንያውን ማን እንደሰበሰበ፣ እንዴት እንደተከፋፈለ። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ዛሬ ሽማግሌ ሆነዋል፤ መቅረጫ ይዞ ወደ ግሼ የሚወጣ ሰው ዘንድሮ ቢሄድ እወዳለሁ።