ማወያየትና መመካከር፦ ስለ ደብረ ብርሃን መሐል ከተማ መልሶ ማልማት የቀረበ ትችት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የከተማን መሐል አፍርሶ እንደገና ለመሥራት በሚታሰብበት ጊዜ ሕዝብን «ማወያየት» የሚባለውን አሠራር መመርመር ነው። ለምሳሌ የመረጥናት ደብረ ብርሃንን ነው። ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋች ናት፤ ሱቁም ሻይ ቤቱም ጉሊቱም መንገዱን ተጠግቶ ይኖራል። የኮሪደር ልማት ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች ሲሰፋ ደብረ ብርሃንም ከእነርሱ አንዷ ሆናለች። እንዲህ ባለች ከተማ መንገድ ማስፋት ማለት የብዙ ሰው እንጀራ መንካት ማለት ነው።

ደብረ ብርሃን ስትቆረቆር ቦታውን የመረጡት ንጉሡ ናቸው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በሰማይ ታየ የተባለውን ብርሃን እንደ ምልክት ተቀብለው ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠሩባት፤ ስሟም የመጣው ከዚሁ ነው። በ19ኛው ምእት ዓመት ደግሞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከአንኮበርና ከአንጎለላ ጋር እያፈራረቁ ተቀመጡባት። በጥንቱ አነጋገር «ከተማ» ማለት የንጉሥ ሰፈር ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ድንኳኑም አብሮ ይነሣል። የዛሬው ከተማ ግን ድንኳን አይደለም፤ ነጋዴ ከደንበኛው፣ ጎረቤት ከዕድሩ፣ ልጅ ከትምህርት ቤቱ የተሳሰረበት ነው። ስለዚህ «ከተማን የሚያቀና መንግሥት ነው» የሚለው አባባል ለዘመናችን አይበቃም።

ለነገሩ ዋና መሠረት የሆነው ግን የመሬቱ ሥሪት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ፤ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም ሲል አጸናው። መሬት በሚሸጥበት አገር ባለመሬቱ ዋጋው ወይም ዕቅዱ ካልተስማማው «አልሸጥም» ብሎ ገዢውን ለድርድር ሊያስቀምጠው ይችላል። በእኛ አገር ይህ ቃል የለም። ፕላን አውጪውም፣ መሬት ሰጪውም፣ መሬት ነሺውም አንዱ አካል ነው። በአስተያየታችን ምክክር እንደ ትሕትና ብቻ መቆጠር የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ የጎደለውን የ«አልሸጥም»ን ቦታ ሊተካ የሚችለው እርሱ ነውና።

ሕጉ ይህን ጨርሶ አልዘነጋውም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸው የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም የሕዝብ ተሳትፎን፣ ግልጽነትንና ተጠያቂነትን ከመሠረታዊ መርሆቹ ቈጠረ። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ ተነሺ ባለይዞታዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ እንዲመከሩ አዘዘ።

ይሁን እንጂ የዚህን የመጨረሻውን አዋጅ አነጋገር ጠጋ ብለን ስንመለከተው ሦስት ጉድለቶች እናገኛለን። አንደኛ፣ ባለይዞታው የሚመከረው ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ስለ ጥቅሙና ስለ ጠቅላላ ሂደቱ ነው፤ ፕሮጀክቱ ይሁን አይሁን፣ ወይም በሌላ መልክ ይሠራ እንደሆነ አይደለም። ይህ ማስታወቅ እንጂ መምከር አይባልም። ሁለተኛ፣ መሬቱ ለኢንቨስትመንት በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር ይችላል፤ አስቸኳይ የማይባል ሥራ ደግሞ ከቶ የትኛው ነው? ሦስተኛ፣ የአንድ ዓመቱ ምክክር የተጻፈው ለባለይዞታ ነው። በመንገድ ዳር ጉሊት ዘርግታ ልጆች የምታሳድግ እናት፣ የሰው ሱቅ ተከራይቶ የሚሠራ ወጣት፣ በግጭት ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን የተጠለለና በሊስትሮ የሚተዳደር ሰው ይዞታ የላቸውም፤ ነገር ግን የሚነሡት እነርሱም ናቸው።

የቋንቋችንም አነጋገር ይህንኑ ይገልጠዋል። በማዘጋጃ ቤትም ሆነ በዜና «ሕዝቡን አወያየን»፣ «ግንዛቤ አስጨበጥን» ይባላል። የግሡ ባለቤት ቢሮው ነው፤ ሕዝቡ ተደራጊ ነው። «ሕዝቡ መከረበት» የሚለው ቃል ግን እምብዛም አይሰማም። አሜሪካዊቷ ሼሪ አርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመችው ጥናት የዜጎችን ተሳትፎ በስምንት እርከን መሰላል መስላዋለች። ማስታወቅ ሦስተኛው፣ አስተያየት መጠየቅ አራተኛው እርከን ነው፤ ሁለቱም ሕዝቡ እንዲሰማና እንዲናገር ያደርጋሉ እንጂ ቃሉ እንደሚፈጸም ዋስትና አይሰጡም።

በዚህ ላይ የሚቀርበውን መልስ እናውቀዋለን። መሐል ከተማ ያረጀ ነው፤ ጭቃ ቤቱ ዘሟል፤ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ሁሉ እስኪስማማ ቢጠበቅ ምንም አይሠራም ይባላል። እውነትነት አለው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ሰፈሩ እድሳት አያሻውም ያለ ሰው አላጋጠመንም። ክርክሩ ግን መታደስ አለመታደሱ ላይ አልነበረም፤ ማን፣ መቼ፣ ወዴት ይሄዳል፣ ሥራውስ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነበር። ይህን ደግሞ ከነዋሪው የበለጠ የሚያውቅ መሐንዲስ የለም። በለንደን የኮቨንት ጋርደን ገበያ ሰፈር አብዛኛው እንዲፈርስ እ.ኤ.አ. በ1968 ፕላን ቀርቦ ነበር። ነዋሪው ተደራጅቶ ተከራከረ፤ በ1973 ሚኒስትሩ ከ200 የሚበልጡ ሕንጻዎችን በቅርስነት ስላስመዘገቡ ፕላኑ ሳይፈጸም ቀረ። ሰፈሩ ግን እንደታሰበው ሳይፈርስ ታድሶ ዛሬ የለንደን መኩሪያ ነው። ክርክሩ የረዳው ፕላኑ ገና ሊለወጥ በሚችልበት ጊዜ በመደረጉ ነው።

ስለዚህ ለደብረ ብርሃን የምናቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። ረቂቁ ከነካርታው፣ ቢያንስ በሁለት አማራጭ፣ በማዘጋጃ ቤቱ ደጅና በገበያው ይለጠፍ። ስብሰባው በገበያ ቀን አይጠራ፤ ጉሊት ነጋዴዎችና ተከራዮች ራሳቸው የመረጧቸው ተወካዮች ይኑሯቸው። የተነገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ አስተያየትም «ተቀብለናል» ወይም «በዚህ ምክንያት አልተቀበልንም» የሚል መልስ ታትሞ ይውጣ። የኮሌጃችን ተማሪዎችም ቃለ ጉባኤውን ከጸደቀው ፕላን ጋር በማስተያየት ምን እንደ ተለወጠ ቢመዘግቡ ለከተማይቱ ጠቃሚ አገልግሎት ይሆናል። ከስብሰባው በኋላ አንዲት መስመር እንኳ ያልተለወጠችበት ፕላን ሕዝብ መከረበት ለማለት አያስደፍርም።