ቪዲዮው ደርሷል፣ አሠልጣኟስ?

የዓለም ጤና ድርጅት ኦቲዝምና ሌላ የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀውን ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2022 በኢንተርኔት ለቆታል። በነፃ ነው። በወላይታ ዞን ባለችው ዲምቱ ለሚኖር ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጣው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ያሉት አዲስ አበባ ነው።

ሥልጠናውን የወደድኩት የሐኪም ወረቀት ስለማይጠብቅ ነው። ከ2 እስከ 9 ዓመት ያለ ልጅ መናገር ከዘገየ፣ ዓይን ከሸሸ፣ ኦቲዝም ነው ተብሎ እስኪረጋገጥ እናቱ እጇን አጣጥፋ አትቀመጥም። መጫወቻ ግዙም አይልም። እናት በቆሎ ስትፈለፍል ልጁ ፍሬውን መሬት ላይ ይደረድራል እንበል። ተው አትበትን አትለውም፤ አጠገቡ ቁጭ ብላ እንደሱ ትደረድራለች። ቀጥላ አንዷን ፍሬ በእጇ ይዛ ዝም ትላለች። ቀና ብሎ ካያት ወይም እጁን ከዘረጋ፣ "እንካ" ብላ ትሰጠዋለች። ሁሉ ነገር ያለው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው፤ የሚከብደውም ይኸው ዝምታ ነው። ልጇ አፍ እንዲፈታ የቸኮለች እናት መጠበቅ አይሆንላትም።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። በአካል የሚሰጠው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። አሠልጣኝ ለመሆን ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። ኢንተርኔቱ ላይ ግን ቤት ድረስ የሚመጣ ሰው የለም። ቪዲዮ ያሳያል እንጂ "ቸኮልሽ፣ ትንሽ ጠብቂው" አይልም። ልጇ ቀኑን ሙሉ ዞር ብሎ ሳያያት የዋለችን እናት ደግሞ አይዞሽ የሚላት ሰው ያስፈልጋታል።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። ዲምቱ ላይ ልጅ የሚባበለው በወላይትኛ ነው። አማርኛ ለስብሰባ ይሆን ይሆናል፤ ገና አንድ ቃል ለሚፈልግ ልጅ ግን የቤቱ ቋንቋ ይቅደም።

ስለዚህ ኮርሱን የእናት ስልክ ላይ ጥሎ መሄድ አያዋጣም። ሰው ዘፈንና ፊልም ሚሞሪ ላይ እያስጫነ በሚያይበት አገር፣ ቪዲዮዎቹ በወላይትኛ ተቀድተው በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ቢገቡ መስመር ጠፋ አልጠፋ ችግር የለውም። ቤት ለቤት መዞሩ ድሮም ሥራዋ ነው፤ ጫናዋ ስለበዛ ግን ጊዜና አበል ይታሰብላት። የዞኑ ጤና መምሪያና የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀበሌ ይጀምሩት።